የእንግሊዝኛን የቃላት ተራ በጆሮ ስለ መማር



ዛሬ በዚህ ጉባኤ ፊት የማነሣው ጉዳይ፥ የእንግሊዝኛን ቋንቋ ለብዙ ዓመታት የተማሩትን፥ ብዙ ቃላትም በአእምሯቸው ያከማቹትን፥ መጽሐፍ ቢሰጧቸው አንብበው ምሥጢሩን የሚያገኙትን፥ ነገር ግን ለመናገር አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ቃላቱ ተራቸውን እየለቀቁ የሚያስቸግሯቸውን፥ የቋንቋው ባለቤት የሆነ ሰውም ፈጠን ብሎ ሲያነጋግራቸው የነገሩን መነሻ ይዘው መድረሻውን የሚያጡትን ተማሪዎች የሚመለከት ነው። እነዚህ ሰዎች ጀማሪዎች አይባሉም፤ ከሊቃውንቱም ማዕርግ ገና አልደረሱም፤ በመካከለኛው ደረጃ ላይ ቆመው ወደ ላይ ለመውጣት የሚጥሩ ናቸው። ከሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የወጣው ወጣት፥ በመሥሪያ ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ደብዳቤ የሚያረቀው ጸሐፊ፥ በአሜሪካ ወይም በእንግሊዝ አገር ሠርቶ የሚያድረው ወገናችን፥ አብዛኛው ከዚህ ማኅበር የሚቈጠር ስለ ሆነ፥ ጉዳዩ የብዙዎቻችን ጉዳይ ነው።

እንዲህ ያለው ተማሪ ጭንቀቱን ሲናገር ብዙ ጊዜ «ቃል አጠረኝ» ይላል። ነገሩ በጥሞና ሲመረመር ግን ቃላቱ በእጁ ናቸው፤ የጎደለው፥ ቃላቱ የሚሰለፉበት ሥርዓት ሳይጠራ በቅጽበት የሚመጣለት መሆኑ ነው። ሕጉን ብትጠይቁት፥ «በእንግሊዝኛ ባለቤት ይቀድማል፥ ማሰሪያ አንቀጽ ይከተላል፥ ተሳቢ ከዚያ በኋላ ይመጣል» ብሎ ሳይሳሳት ይመልሳል፤ ወዲያውም ራሱ በተናገረው ሕግ ላይ ይሰናከላል። እኔም ላስረዳ የተነሣሁት ነገር ይህ ነው፦ የቃላት ተራ በአእምሮ ከታወቀ በኋላ በጆሮ ካልሰረጸ ለአንደበት አይታዘዝም፤ ስለዚህ ለመካከለኛው ተማሪ ሌላ የሰዋስው መጽሐፍ ከመግዛት ይልቅ የሚበጀው፥ ጆሮውን ለዚህ ጉዳይ ለይቶ በየዕለቱ ማሠልጠን ነው።

አስቀድመን የሦስት ልሳናትን ጠባይ እናነጻጽር። አንድ ንጉሥ ከተማ መሥራቱን ለመናገር ስንፈልግ በአማርኛ «ንጉሡ ከተማ ሠራ» እንላለን፤ ባለቤቱ ይቀድማል፥ ተሳቢው መካከል ይገባል፥ ማሰሪያ አንቀጹም በመጨረሻ ነገሩን ይዘጋዋል። ግዕዝ ግን «ሐነጸ ንጉሥ ሀገረ» ብሎ አንቀጹን በመጀመሪያ ማስቀመጥ ይወዳል። እንግሊዝኛ ደግሞ «ዘ ኪንግ ቢልት ኤ ሲቲ» ብሎ አንቀጹን በባለቤቱና በተሳቢው መካከል ያቆመዋል። ልዩነቱ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ በአንድ ቀን ትምህርት ባለቀ ነበር፤ ከዚህ የጠለቀው ልዩነት ግን ተራ በየቋንቋው ያለው ሥልጣን ነው። በአማርኛ «ልጁ ውሻውን መታው» ብንልም፥ «ውሻውን ልጁ መታው» ብንልም፥ መቺውና ተመቺው አይለዋወጡም፤ «ን» የምትባለው ምልክት ተሳቢውን በሄደበት ሁሉ ተከትላ ታስታውቀዋለችና። በግዕዝም «ሀገር» የነበረው ቃል ተሳቢ ሲሆን «ሀገረ» መባሉ ያንኑ ሥራ ይሠራል። በእንግሊዝኛ ግን «ዘ ቦይ ሂት ዘ ዶግ» የሚለውን ገልብጠን «ዘ ዶግ ሂት ዘ ቦይ» ብንል፥ ከቃላቱ አንዲት ፊደል እንኳ ሳትለወጥ መቺው ተመቺ ሆኖ ይገኛል። የአማርኛው ቃል ማዕርጉን በልብሱ ላይ እንዳደረገ መኰንን የትም ቢቀመጥ ይታወቃል፤ የእንግሊዝኛው ቃል ግን ልብሱ ከሌላው ሁሉ ጋር አንድ ዓይነት ስለ ሆነ፥ በግብር አዳራሽ እንደ ገባ እንግዳ ማዕርጉ የሚታወቀው በተቀመጠበት ስፍራ ብቻ ነው።

እንግሊዝኛም ከጥንት ጀምሮ እንዲህ ያለ ልሳን አልነበረም። በጥንታዊው እንግሊዝኛ ስሞችና አመልካቾች መልካቸውን እየለወጡ ባለቤትን ከተሳቢ ይለዩ ነበር፤ ንጉሡ ባለቤት ሲሆን «ሴ ኩኒንግ»፥ ተሳቢ ሲሆን ደግሞ «ዞኔ ኩኒንግ» ይባል ነበር። ነገር ግን ተናጋሪው የቃሉን መጀመሪያ አጥብቆ መጨረሻውን አላልቶ ይጠራ ስለ ነበር፥ ከሰሜን ባሕር ማዶ ከመጡት ሕዝቦችም ጋር መደባለቅ ስለ ደረሰ፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1066 ዓ.ም. ኖርማኖች አገሪቱን ከያዙ በኋላም ቋንቋው ለረጅም ዘመን ከቤተ መንግሥትና ከጽሕፈት ርቆ በአብዛኛው በሕዝቡ አፍ ስለ ኖረ፥ እነዚያ ምልክቶች ቀስ በቀስ እየተሸረሸሩ ሄዱ፤ በ1400 ገደማም አብዛኞቹ ጠፍተው ነበር። ዛሬ ባለቤትን ከተሳቢ ለመለየት ከጥንቱ ሥርዓት የቀሩት «ሂ» ሲሳብ «ሂም»፥ «ሺ» ሲሳብ «ኸር» እንደሚባለው ያሉት ጥቂት ተውላጠ ስሞች ናቸው። ምልክቱ ሲጠፋ ሸክሙ ሁሉ በተራው ላይ ወደቀ። እንግዲህ የእንግሊዝኛ ተማሪ ስለ ተራ ሲደክም ስለ ንግግር ጌጥ እየደከመ እንዳይመስለው፤ በእኛ ቋንቋ «ን» የምትሠራውን ሥራ በዚያ ቋንቋ የሚሠራው ተራው ነውና፥ ተራውን ያልሰማ ሰው ነገሩን አልሰማም።

አሁን ረዘም ያለ አንድ ዐረፍተ ነገር በቅርብ እንመርምር። በአማርኛ «እኅቴ ዛሬ ጠዋት በግቢው ውስጥ ለሽማግሌው አንድ ብርጭቆ ውሃ ሰጠች» እንላለን። እንግሊዝኛው «ማይ ሲስተር ጌቭ ኤ ግላስ ኦቭ ዎተር ቱ ዚ ኦልድ ማን ኢን ዘ ያርድ ዚስ ሞርኒንግ» ይላል። ባለቤቲቱ በሁለቱም ዘንድ ፊተኛዪቱ ናት። ከእርስዋ በኋላ ያለውን ግን ተመልከቱ፤ አማርኛው ጊዜን፥ ስፍራን፥ ተቀባይን፥ ስጦታን፥ በመጨረሻም ድርጊትን ያስከትላል፤ እንግሊዝኛው ድርጊትን፥ ስጦታን፥ ተቀባይን፥ ስፍራን፥ በመጨረሻም ጊዜን። የአንዱ መጨረሻ የሌላው መጀመሪያ ሆኖ፥ ከባለቤቲቱ በቀር ሁሉ እንደ መስተዋት ምስል ተገልብጦአል። እንግዲህ በልቡ በአማርኛ አስቦ ወደ እንግሊዝኛ የሚገለብጥ ተናጋሪ፥ የአማርኛውን ዐረፍተ ነገር እስከ መጨረሻው ይዞ፥ ከዚያ ከጅራቱ ተነሥቶ ወደ ኋላ እየቈጠረ መናገር ይገባዋል ማለት ነው፤ ይህን ደግሞ የትኛውም ብልህ አእምሮ በንግግር ፍጥነት ሊሠራው አይችልም። አንደበታችን የሚንተባተበው ከስንፍና የተነሣ ሳይሆን ከዚህ ሊፈጸም ከማይችል ሥራ የተነሣ ነው።

በማዳመጥም በኩል ያው መከራ በሌላ መልኩ ይመጣል። አማርኛ ተናጋሪ ሰው ከእናቱ ጡት ጀምሮ የለመደው የአሰማም ጠባይ መታገሥ ነው፤ ሰጠች ወይስ አልሰጠችም፥ ትሰጣለች ወይስ ትስጥ የሚለው ሁሉ በመጨረሻው ቃል ላይ ስለሚገለጽ፥ አስተዋይ አድማጭ ፍርዱን እስከዚያ ድረስ ያቆያል። ይህ በራሳችን ቋንቋ መልካም ልማድ ነው። በእንግሊዝኛ ግን ድርጊቱም፥ ዘመኑም፥ አሉታውም ገና በመጀመሪያው ይነገርና የቀረው ሁሉ ማብራሪያ ሆኖ ይከተላል። የዐረፍተ ነገሩን መጨረሻ ሲጠባበቅ የቈየ አድማጭ፥ መጨረሻው በደረሰ ጊዜ በእጁ የሚያገኘው «ዛሬ ጠዋት» የሚለውን ብቻ ይሆናል፤ ዋናው ነገር አልፎአል። ስለዚህ የመጀመሪያው የጆሮ ሥልጠና ትዕግሥትን ወደ ሌላ ስፍራ ማዛወር ነው፤ ባለቤቱንና አንቀጹን እንደ ሰሙ ወዲያው ነገሩን መያዝ፥ ከዚያም የሚከተለውን እየተቀበሉ በተያዘው ላይ መጨመር ይገባል።

የሰው ትዝታ ለዚህ ሥራ ያለው ዐቅም የተወሰነ መሆኑን ማወቅም ይጠቅማል። ጆርጅ ሚለር የተባለው አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ሊቅ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1956 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ፥ የሰው የቅርብ ትዝታ በአንድ ጊዜ ይዞ የሚያቆየው ሰባት ያህል ነገሮችን መሆኑን፥ ነገር ግን ብዙ ጥቃቅን ነገሮች በአንድነት ከታሰሩ እሽጉ እንደ አንድ እንደሚቈጠር አስረድቶአል። ያ የውሃው ዐረፍተ ነገር በእንግሊዝኛ 16 ቃላት አሉት፤ ቃል በቃል የሚለቅም ጆሮ ገና መንገዱ ሳይጋመስ ይሞላበታል። ነገር ግን «ማይ ሲስተር» አንድ፥ «ጌቭ» ሁለት፥ «ኤ ግላስ ኦቭ ዎተር» ሦስት፥ «ቱ ዚ ኦልድ ማን» አራት፥ «ኢን ዘ ያርድ» አምስት፥ «ዚስ ሞርኒንግ» ስድስት ብሎ በሐረግ በሐረጉ የሚቀበል ጆሮ ስድስት ነገር ብቻ ይይዛል፤ ስድስቱም ያለ ጭንቅ ይያዛሉ። ቃል ቈጣሪውን ጆሮ ሐረግ ሰሚ ማድረግ የትምህርታችን ዓላማ ነው።

ይህን የሚያከብድ ሌላ ነገር ደግሞ አለ። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ሰው ስሞችንና ግሦችን አጥብቆ ይጠራል፤ «ቱ»፥ «ኦቭ»፥ «ዘ»፥ «ዱ»፥ «ሃቭ» የመሳሰሉትን ደቃቅ ቃላት ግን ሊውጣቸው እስኪደርስ ያላላቸዋል። «ዱ ዩ» በፈጣን አፍ «ጁ» ይሆናል፤ «ዲድ ዩ» ደግሞ «ዲጁ»፤ «ኢት ኢዝ» «ኢትስ» ሆኖ ያልፋል። የዐረፍተ ነገሩን ተራ የሚያስረዱት ግን እነዚሁ ደቃቆች ናቸው፤ ነገሩ ጥያቄ ይሁን ዐዋጅ፥ ያለፈ ይሁን የሚመጣ የሚታወቀው በእነርሱ ነው። «እየዘነበ ነው» ስንል ባለቤቱ በአንቀጹ ውስጥ ታቅፎ ስለሚኖር፥ ብዙ ተማሪዎቻችን «ኢዝ ሬይኒንግ» ብለው ባለቤት አልባ ዐረፍተ ነገር ይናገራሉ፤ «ኢት» የምትባለዋን ቃል በመጽሐፍ ቢያዩአትም በጆሮአቸው አልሰሟትምና። «ያየሁት ሰው» ስንል ደግሞ «ት» ወደ ሰውየው ተመልሳ ስለምታመለክት፥ «ዘ ማን አይ ሶው ሂም» ብለው ትርፍ ቃል ይጨምራሉ። አንደኛው ስሕተት በማጉደል፥ ሁለተኛው በመጨመር ነው፤ የሁለቱም ምንጭ የአማርኛው ሥርዓት በጆሮ ላይ መንገሡ ነው።

ይህ ፈተና በእኛ ላይ ብቻ የመጣ አለመሆኑም ሊያጽናናን ይገባል። የጃፓን ቋንቋ እንደ አማርኛ አንቀጹን በመጨረሻ የሚያስቀምጥ ልሳን ነው። ሃሮልድ ፓልመር የተባለው እንግሊዛዊ መምህር እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1922 በጃፓን የትምህርት ሚኒስቴር አማካሪነት ተጠርቶ ሄዶ፥ በ1923 በቶኪዮ የእንግሊዝኛን አስተማማር የሚመረምር ተቋም አቋቁሞ፥ እስከ 1936 ድረስ በዚያ ሲሠራ፥ ተማሪ ከመናገሩ በፊት ጆሮው መሠልጠን እንዳለበት አጥብቆ ያስተምር ነበር። የእርሱን ሥራ የቀጠለው አልበርት ሆርንቢም ከባልደረቦቹ ጋር፥ እያንዳንዱ ግሥ ከኋላው ምን ዓይነት ቃል እንደሚያስከትል በ25 ዓይነት ሥርዓት ከፍሎ የሚያሳይ መዝገበ ቃላት አዘጋጀ፤ መጽሐፉም በ1942 በቶኪዮ ታትሞ፥ በ1948 ደግሞ በኦክስፎርድ ማተሚያ ቤት በኩል ወደ ዓለም ሁሉ ወጣ። አንቀጹን በመጨረሻ ለለመደ ተማሪ የሚሆነው መድኃኒት የተገኘው፥ አንቀጹን በመጨረሻ በሚያስቀምጥ ሕዝብ መካከል ነበር።

ከእነዚህ መምህራን ሥራ የምንወስደው ጥቅም ይህ ነው፦ እንግሊዝኛ ግሥ ሲሰማ የሚከተለውን አስቀድሞ ያሳውቃል። «ፑት» የሚል ቃል የሰማ ጆሮ፥ የተቀመጠውን ነገርና የተቀመጠበትን ስፍራ ሁለቱንም መጠበቅ አለበት፤ «ሺ ፑት ዘ ኪ» ብሎ የሚያቆም ሰው የለም፥ «ኦን ዘ ቴብል» ካልተባለ ነገሩ አልሞላም። «ዋንት» የሚለውን የሰማ ደግሞ «ቱ» የምትለዋን ይጠብቅ፤ እኛ «እንድትመጣ እፈልጋለሁ» የምንለውን እነርሱ «አይ ዋንት ዩ ቱ ካም» ይላሉና። እንዲህ የሚጠብቅ ጆሮ፥ የላላችውን «ቱ» ባይሰማት እንኳ መኖሯን ያውቃል፤ የሚጠበቅ ድምፅ ከማይጠበቅ ድምፅ ይልቅ ይሰማል።

እንግዲህ ወደ ሥራው እንግባ። ለምነግራችሁ ልምምዶች ሁሉ አንድ መምህር፥ ወይም አንድ ጓደኛ፥ ወይም ድምፅ የሚቀዳ ስልክ በቂ ነው።

የመጀመሪያው ጥንዶችን መለየት ነው። ቃላታቸው አንድ ሆኖ ተራቸው ብቻ የሚለያይ ሁለት ሁለት ዐረፍተ ነገር ይዘጋጅ፤ አንባቢው ከሁለቱ አንዱን ያንብብ፥ አድማጩም ትርጉሙን ወዲያው በአማርኛ ይናገር። «ሺ ኢዝ ሬዲ» ዐዋጅ ነው፥ «ኢዝ ሺ ሬዲ» ጥያቄ ነው። «ሆርስ ሬስ» የፈረስ እሽቅድምድም ነው፥ «ሬስ ሆርስ» ለእሽቅድምድም የሚሆን ፈረስ ነው። «ኦንሊ ማይ ብራዘር ሶው ዘ ዶክተር» ማለት ሐኪሙን ያየው ወንድሜ ብቻ ነው ማለት ነው፤ «ማይ ብራዘር ሶው ኦንሊ ዘ ዶክተር» ማለት ግን ወንድሜ ከሐኪሙ በቀር ሌላ አላየም ማለት ነው። ከሁሉ ይልቅ ደግሞ ይህን ስሙ፦ «አይ ሃድ ከት ማይ ሄር» ያለ ሰው ጠጕሩን ራሱ ቈርጦ ነበር፤ «አይ ሃድ ማይ ሄር ከት» ያለው ግን ጠጕሩን የተቈረጠው በሌላ ሰው እጅ ነው። አንዲት ቃል ከመካከል ወደ መጨረሻ ስትሄድ ሠሪው ሌላ ሰው ሆነ። ይህን ልዩነት በወረቀት ማየት ቀላል ነው፤ በሩጫ የሚያልፈውን ድምፅ ሰምቶ ያለ ማመንታት መለየት ግን ሥልጠና ይፈልጋል፥ የሠለጠነውም ጆሮ በራሱ አንደበት ላይ ዳኛ ይሆናል።

ሁለተኛው በመካከል ማቆም ነው። የተቀዳ ንግግር እየሰማችሁ ባለቤቱና ግሡ እንደ ተሰሙ ድምፁን አቁሙ፤ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ይሁን ነገር፥ ስፍራ ይሁን ጊዜ፥ በቃል ተናገሩ፤ ከዚያ ልቀቁትና ግምታችሁን ፈትኑ። ትክክለኛውን ቃል ማግኘት አይጠበቅባችሁም፤ የሚፈለገው የቃሉን ዓይነት ማወቅ ነው። መምህራን ሲያስተምሩ ያየሁት ስሕተት እዚህ ላይ ይገኛል፤ መምህሩ ከተሰማው በኋላ «ምን ሰማችሁ?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ፥ ከመሰማቱ በፊት «ምን ትጠብቃላችሁ?» ብሎ አይጠይቅም፤ የተራ ዕውቀት የሚፈተነው ግን በሁለተኛው ጥያቄ ነው።

ሦስተኛው ከኋላ ወደ ፊት መገንባት ነው። መምህሩ የውሃውን ዐረፍተ ነገር ይዞ «ዚስ ሞርኒንግ» ይላል፥ ተማሪዎቹ ይደግማሉ፤ «ኢን ዘ ያርድ ዚስ ሞርኒንግ» ይላል፥ ይደግማሉ፤ «ቱ ዚ ኦልድ ማን ኢን ዘ ያርድ ዚስ ሞርኒንግ» ይላል፤ እንዲህ እያለ ወደ ባለቤቲቱ እስኪደርስ ይወጣል። ከመጀመሪያው ተነሥቶ የሚደግም ተማሪ መጀመሪያውን አጥንቶ መጨረሻው ላይ ይደክማል፤ ከኋላ የተነሣ ግን እየጨመረ በሄደ ቍጥር ወደሚያውቀው ይገሠግሣል፥ የዐረፍተ ነገሩም የድምፅ አወዳደቅ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አይበላሽበትም። ለእኛ ደግሞ ልዩ ጥቅም አለው፤ ጊዜንና ስፍራን በፊት ለማስቀመጥ የለመደው አእምሯችን፥ እነርሱን በመጨረሻ ሲሰማ በልማድ እንዳይደነግጥ ያደርገዋልና።

አራተኛው የወረቀት ድርደራ ነው። የዐረፍተ ነገሩ ሐረጎች በየብጫቂ ወረቀት ላይ ተጽፈው ይደባለቁ። ተማሪው ዐረፍተ ነገሩን ሁለት ጊዜ ከሰማ በኋላ ወረቀቱን ይደርድር፤ ከደረደረም በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ እየሰማ በጣቱ እየተከተለ ይመርምር። በተለይ በጥያቄ ውስጥ ያለ ጥያቄን በዚህ መንገድ መለማመድ ይጠቅማል፤ «ዌር ኢዝ ዘ ባንክ» ብሎ የለመደ ተማሪ፥ «ዱ ዩ ኖው» የሚለው ሲቀድምበት «ዌር ዘ ባንክ ኢዝ» ማለት እንደሚገባው ብዙ ጊዜ ይዘነጋልና፥ «ኢዝ» የተጻፈባትን ወረቀት በእጁ አንሥቶ ወደ መጨረሻው ማዛወሩ ጆሮው የሰማውን ያጸናለታል።

አምስተኛው የቃል ጽሕፈት ነው። የአራት ወይም የአምስት ዐረፍተ ነገር ታሪክ በተፈጥሮ ፍጥነት ይነበብ፤ ተማሪው በመጀመሪያ ሳይጽፍ ይስማ፥ ሁለተኛ ጊዜ ዋና ዋናዎቹን ቃላት ብቻ ይያዝ፥ ከዚያም ከጓደኛው ጋር ተማክሮ ሙሉውን ታሪክ መልሶ ይጻፍና ከዋናው ጽሑፍ ጋር ያስተያይ። የጎደሉትንም ደቃቅ ቃላት በቀይ ቀለም ያስምር። ያ ቀይ ቀለም የጆሮውን ሕመም ለይቶ ያሳየዋል፤ አንዱ «ዱ» ስትጠፋበት ያገኛል፥ ሌላው «ኢት»፥ ሌላው «ቱ»፤ እያንዳንዱም በሚቀጥለው ሳምንት የሚያደነውን ድምፅ ከዚህ ያውቃል።

ለእነዚህ ልምምዶች የሚሆን ድምፅ ከወዴት ይገኛል? ቢቢሲ የእንግሊዝኛን ትምህርት በራዲዮ ማስተላለፍ የጀመረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1943 ነው። የአሜሪካ ድምፅም ከኦክቶበር 19 ቀን 1959 ጀምሮ፥ 1500 በሚያህሉ ቃላት ብቻ የተወሰነ፥ ዐረፍተ ነገሩ አጭር የሆነ፥ ፍጥነቱም ከተለመደው የዜና ንባብ ሁለት ሦስተኛ ያህል የሆነ ልዩ ዝግጅት ማሰማት ጀምሮ፥ ለብዙ አገሮች ተማሪዎች ታላቅ ውለታ ውሎአል። ዛሬ ስልክና ኢንተርኔት ያለው ሰው እንደዚህ ያሉ የተቀዱ የትምህርት ዝግጅቶችን በፈቀደው ሰዓት ሊሰማ ይችላል። ነገር ግን አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር፤ በዝግታ የሚነበብ ንግግር ደቃቆቹን ቃላት አጥርቶ ስለሚያሰማ፥ የሐረጉን ሥርዓት ለመያዝ ይመቻል እንጂ ጆሮን ለእውነተኛው ውይይት አያበቃም። ስለዚህ አንዱን ታሪክ በዝግታ ከሰማችሁት በኋላ፥ በተፈጥሮ ፍጥነት የሚናገር ሰው ስለዚያው ጉዳይ ሲያወራ ፈልጋችሁ ስሙ። ከአሥር ቃላት ዘጠኙን የማታውቁትን ንግግር ቀኑን ሙሉ ከፍቶ ማዋልም ጥቅም የለውም፤ ቃሉ ያልታወቀ ንግግር ተራው ሊሰማ አይችልምና፥ ጆሮን ለሥርዓቱ ነፃ ለማድረግ ቃላቱ የታወቁ መሆን አለባቸው።

ከእናንተ መካከል «ይህ ሁሉ ለሕፃናት የሚገባ መደጋገም ነው፥ ለዐዋቂ ሰው ግን ሕጉን መረዳት ይበቃዋል» የሚል ሊኖር ይችላል። ለዚህ መልሱ ሩቅ አይደለም፥ በራሳችን ቤት አለ። የቤተ ክርስቲያናችን ሊቃውንት፥ አንቀጹን በፊት ከሚያስቀምጠው ግዕዝ፥ አንቀጹን በኋላ ወደሚያስቀምጠው አማርኛ፥ ከአማርኛውም ወደ ግዕዙ መመላለስን ለብዙ መቶ ዓመታት ሲያስተምሩ ኖረዋል። ታዲያ በምን ዘዴ አስተማሩ? ሕፃኑ መዝሙረ ዳዊትን በዓይኑ ከመመራመሩ በፊት ከመምህሩ አፍ እየተቀበለ ደገመው፤ ተነሽና ወዳቂ ንባቡን በጆሮው ለየ። በቅኔ ቤትም ተማሪው ዐቢይ፥ ንዑስና ደቂቅ ተብሎ የተከፈለውን አገባብ ያጠናል፤ ጥናቱ ግን ብቻውን ባለቅኔ አላደረገውም፤ ሌሊትና ቀን የመምህሩን ቅኔ እየሰማ፥ በቃሉ እየያዘ፥ ሁለት ቤት ካላት ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ሦስት ቤት ወዳለው ወደ ዘአምላኪየ እያለ፥ ከአጭር ወደ ረጅም በማዕርግ ወጣ። ሕግና ልማድ፥ አገባብና ዜማ፥ በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ተጋብተው ይኖሩ ነበር። የግዕዝ ተማሪ ለአገባቡ ሊቅ የሆነው ጆሮው አስቀድሞ ስለ ታነጸ ከሆነ፥ የእንግሊዝኛ ተማሪ ይህን መንገድ የሚንቅበት ምክንያት ምንድር ነው?

«ብዙ መስማት ብቻ ይበቃል፥ ሕጉ ከንቱ ነው» ለሚለውም መልስ አለኝ። በባዕድ አገር ሃያ ዓመት ኖሮ ዘወትር እንግሊዝኛ እየሰማ «አይ ዶንት ኖው ዌር ኢዝ ዘ ባንክ» ማለትን ያልተወ ሰው ጥቂት አይደለም። የሰማው የነገሩን ሐሳብ ለማግኘት ብቻ ነው፤ ሐሳቡን ካገኘ በኋላ ተራውን ልብ ብሎ አላዳመጠም። ሕጉ ጆሮ ምን እንዲፈልግ ይነግረዋል፤ ጆሮም ለሕጉ ሕይወት ይሰጠዋል። ሁለቱ ሲለያዩ አንዱ ደረቅ ዕውቀት፥ ሌላው ፍሬ የሌለው ልማድ ይሆናል።

እንግዲህ ምክሬን ልጠቅልል። ለተማሪዎች የምለው፥ በቀን ከሃያ ደቂቃ የማይበልጥ፥ ነገር ግን የማይቋረጥ ጊዜ ለጆሮአችሁ ለዩ፤ በሳምንት አንድ ዓይነት የተራ ሥርዓት ብቻ ያዙ፤ አንዱን ሳምንት ለጥያቄ፥ ሌላውን ለስፍራና ለጊዜ፥ ሌላውን እንደ «ጌቭ»ና እንደ «ፑት» ላሉት ግሦች ስጡ፤ የሰማችሁትንም ዐረፍተ ነገር ሰው በሌለበት እንኳ ድምፃችሁን አሰምታችሁ ድገሙት። ለመምህራን የምለው፥ ሰዋስው ስታስተምሩ ጥቍር ሰሌዳው ብቻ አይናገር፤ ከእያንዳንዱ ሕግ ጋር ተማሪው ዓይኑን ጨፍኖ የሚሰማው አሥር ዐረፍተ ነገር ይኑራችሁ፤ ፈተናችሁም ጆሮውን የሚጠይቅ ክፍል ይኑረው፤ ተማሪ የማይፈተንበትን አያጠናምና። ትምህርት ቤቶቻችንን ለሚመሩትም፥ እንደ አገራችን አቈጣጠር በ1933 ዓ.ም. ከተገኘው ነፃነት ወዲህ ባሉት ዘመናት ልጆቻችን በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳቡንም ሳይንሱንም በዚህ ባዕድ ልሳን እንዲማሩ እስካደረግን ድረስ፥ የሚነገራቸውን በሚነገርበት ፍጥነት ይሰሙ ዘንድ ማብቃት የእኛ ዕዳ መሆኑን አሳስባለሁ፤ ብዙ ጊዜ በፊዚክስ ወይም በታሪክ ሰነፈ የሚባለው ተማሪ፥ በእውነቱ የመምህሩ ዐረፍተ ነገር ሳይያዝ ያለፈበት ብቻ ነው።

ይህ ልምምድ ገንዘብ አይጠይቅም፥ ልዩ ተሰጥኦም አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው ትጋትና ጊዜ ነው። የአገራችን ሊቃውንት በዚህ ዐይነት ትጋት የሁለት ልሳናትን ተራ አስማምተው ኖረዋልና፥ እኛም ሦስተኛውን ልሳን እንደዚሁ ልንለምደው እንችላለን ብዬ በፍጹም ልቤ አምናለሁ።